የሥራ ቋንቋ

ባለፈው መጋቢት ለሥራ ጉዳይ ወደ ሳን ዲዬጎ ስነዳ ዝናብ ያዘኝ። የሎስ አንጀለስ ሰው በዝናብ መንዳት አይሆንለትም። እኔም ያቺው ከተማ ያሳደገችኝ ነኝና ከፍሪዌዩ፣ ከትልቁ አውራ ጎዳና፣ ወጥቼ ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ የምትባለው ትንሽ ከተማ ገባሁ። እስኪያባራ ብዬ መኪናዬን በድሮው የእስፔኖች ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ አቆምኩና መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። የእርጥብ ጭቃ ሽታ ገባ። የመንገድ ጭቃ አይደለም፤ ጭድ የገባበት፣ ተቦክቶ የሰነበተ፣ ግድግዳ የሆነ ጭቃ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆሞ፣ ዝናብ ሲነካው ትናንት የተለሰነ ይመስል ይሸታል። ስብሰባዬ ላይ አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። አለቃዬ ምን እንደገጠመኝ ሲጠይቀኝ «ትራፊክ» አልኩት። ጋሼ ይልማን ከየት ጀምሬ ልንገረው?

አሜሪካ የገባን ዓመት አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ ዲቪ ደርሶን በገና ማግስት ከአዲስ አበባ መጣን። አባቴን ገና አፌን ሳልፈታ ነው ያጣሁት፤ ስለዚህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የተቀበሉን የእናቴ አጎት ጋሼ ይልማ ናቸው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ከሐበሾቹ ሱቆች ጀርባ ባለው መንገድ፣ አንድ መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኛ ስንመጣ መኝታ ቤቱን ለቀውልን ሶፋው ላይ ተኙ። ሥራቸው ካልቨር ሲቲ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ነበር፤ የሰው መኪና እየተቀበሉ ያቆማሉ። እናቴ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት በርባንክ በምትባል ከተማ አንዲት አሮጊት የመንከባከብ ሥራ አገኘች። ሰኞ ሄዳ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። ስለዚህ የሳምንቱ ወይንሸት፣ እኔ ማለት ነው፣ የጋሼ ነበረች፤ የእማዬ የነበረችው የቅዳሜና እሑዷ ብቻ ናት።

ጋሼ ገና በመጀመሪያው ሰኞ አስቀምጠው መከሩኝ።

«ስሚኝ ወይንዬ፣ እዚህ አገር የሥራ ቋንቋ ካልያዝሽ ሰው አትሆኚም። ትምህርት ቤት እስክትገቢ እኔ አስተምርሻለሁ።»

የሥራ ቋንቋ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር። አዲስ አበባ ሦስተኛ ክፍል ለፈተና የሸመደድኩት ነው፦ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። መንግሥት የሚናገረው ማለት ነው። እንግዲህ ጋሼ ሊያስተምሩኝ ያሰቡት የአሜሪካ መንግሥት የሚናገረውን ነው ብዬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ትምህርቱ ምንጣፍ ላይ ነበር። በቤቱ ያለውን ጫማ ሁሉ ሰብስበው ያመጡና መኪና ነው ይሉኛል። «ካሮ!» ይላሉ፤ መኪና ማለት ነው፣ እኔ ግን ካሮት ነበር የሚታየኝ። «አትራስ!» ሲሉ የእማዬን ሹራብ ጫማ ወደኋላ እስባለሁ። «ደሬቻ!» ሲሉ ወደ ቀኝ፣ «ዴስፓሲዮ!» ሲሉ ቀስ አድርጌ። ከተሳሳትኩ «አጋጨሽው፣ ባለቤቱ መጣልሽ!» ብለው ያስደነግጡኛል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስምንት ጥንድ ጫማ ያለ አንዳች ጭረት ማቆም ቻልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ግር አለኝ። አዲስ አበባ የተማርኩት እንግሊዝኛ ከዚህ ጋር አይገጥምም። ደብተሬን አውጥቼ «ዚስ ኢዝ ኤ ካር ነው እኮ ያስተማሩን» ብላቸው ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ።

«እሱ ለወረቀት ነው። ይሄ ግን ለሥራ ነው።»

ገባኝ! የደብተሩ እንግሊዝኛ እንደ ግዕዝ ነው፣ ጋሼ የሚናገሩት ደግሞ እንደ አማርኛ። አንዱ ለመጽሐፍ፣ አንዱ ለኑሮ። በዚህ ግኝቴ ኮራሁና ደብተሩን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ትምህርት ቤት ለመመዝገብ ስንሄድ የቢሮዋ ሴትዮ መልኬን አየች፣ ጋሼን አየች፣ ከዚያ «አብላስ እስፓኞል?» ብላ ጠየቀችኝ። ትናገሪያለሽ ወይ መሆኑ ስለገባኝ «ሲ!» አልኩ፣ ቤቱ እስኪሰማ። ሳቀችና አራተኛ ክፍል፣ ረዳት መምህርት ካለችበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝ። እዚያ ማሪሶልን አገኘኋት። እናቷ ከሜክሲኮ ናት፤ ማሪሶል ግን እዚሁ ተወልዳ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። በሁለተኛው ቀን ምሳዋን አካፈለችኝ። ለእናቴ በስልክ «ጓደኛ ያዝኩ፣ በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው» ስላት ከደስታዋ ብዛት እልል አለች። የምትንከባከባቸው አሮጊት ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው ተነሡ አሉ።

የክፍል መምህሬ ሚስ ዶና ግን የምትናገረው የደብተሩን ነበር። አንዲት ቃል አይገባኝም፤ ይግባኝ ብዬም አልተጨነቅሁም። እንደ ቅዳሴ ቆጠርኩት። ሰው ሲነሣ እነሣለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ፣ ሁሉም ሲመልስ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ በሰላም ኖርኩ።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ትምህርት ቤት ተጠራች። ጋሼ ሥራ ላይ ስለነበሩ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ሚስ ዶና ጠረጴዛው መሃል ስልክ አኖረች፤ ከውስጡ አማርኛ የምትናገር አስተርጓሚ ወጣች።

«እናት፣ መምህሯ ልጅሽ እንግሊዝኛ አትችልም ነው የምትለው።»

«ማን፣ ወይንሸት? ኧረ ትችላለች! አጎቴ አስተምረዋታል። ቀን ሙሉ ስታወራ ነው የምትውለው።»

«እንደዚያ ነው? በይ ልጅት፣ እስቲ አንድ ነገር በይልኝ።»

ተነሣሁ። እጄን ወደኋላ አድርጌ ከማውቀው ሁሉ ረጅሙን መረጥኩና በአንድ ትንፋሽ ለቀቅሁት። እንደምን አደሩ እመቤት፣ ዛሬ ቦታ ሞልቷል፣ ቁልፉን እዚህ ይተዉት፣ ቀስ ብለው ወደኋላ ይምጡ፣ አመሰግናለሁ። ሚስ ዶና አፏን በእጇ ያዘች። ከስልኩ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ።

«ውይ እናቴ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ! ልጅሽ ያወራችው ስፓኒሽ ነው እኮ። ለዚያውም የፓርኪንግ!»

እናቴ አልሳቀችም። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። ሚስ ዶና ቀጥላ ያለችውን አስተርጓሚዋ በቀስታ ነገረችን። ከፋሲካ በኋላ የአራተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ፣ እስፔኖች ድሮ ካሊፎርኒያን ሲይዙ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከቆረቆሯቸው የሚሽን ከተሞች ስለ አንዷ ክፍሉ ፊት ቆመው ያስረዳሉ። ወይንሸት ሳታነብ አምስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ከተናገረችና የሚጠየቀውን ከመለሰች ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወደ አምስተኛ ታልፋለች። ካልሆነ ትደግማለች።

ትደግማለች የሚለው ቃል ሲወጣ እናቴ ነጠላዋን ሳበች። በኛ ቤት ደጋሚ የለም። እማዬ ራሷ መብራት በሌለበት ሰፈር በሻማ አጥንታ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ሴት ናት።

መምህሯ ላይ መጮህ አትችልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ማታ ጋሼ ላይ ወረደችባቸው።

«ምን በደልንዎ ጋሼ? ልጄን መሳቂያ አደረጉብኝ!»

«እንግሊዝኛ ነው መቼ አልኳት? የሥራ ቋንቋ ነው ያልኩት!» አሉ ጋሼ፤ ዩኒፎርማቸውን እንኳ አላወለቁም። «እኔ የምሠራበት ሁሉም በሱ ነው የሚሠራው። አለቃችን ኮሪያዊ ነው፣ እሱም በሱ ነው የሚያዘን። ታዲያ የሥራ ቋንቋ ሌላ ምን አለ?»

«እንግሊዝኛስ?»

«እንግሊዝኛማ... ቲኬት ፕሊስ፣ ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ። አሥራ አራት ዓመት በዚህ ኖሬያለሁ፣ ማንም ሌላ የጠየቀኝ የለም።»

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼን ማነጋገር አቆመች። የምትፈልገውን በኔ በኩል ታስተላልፋለች። ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን «ወይንዬ፣ ጨው እንዲያቀብሉኝ ንገሪያቸው» ትለኛለች። ጨዉ ጋሼ ክርን ሥር ነው።

እኔ ደግሞ በሁሉም ተናደድኩ። በጋሼ፣ በስልኳ ሴትዮ ሳቅ፣ በማሪሶል ሳይቀር፤ ምነው ሳትነግረኝ? በማግስቱ ሳፋጥጣት «እኔ የኢትዮጵያ ቋንቋ ስፓኒሽ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ያን ቀን ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። መስታወቱን ትክ ብዬ እያየሁ «አልደግምም» አልኩ። ድምፄ አልበቃኝም፤ ደግሜ አልኩት። በስድስት ሳምንት ውስጥ እንግሊዝኛ ከመሬትም ቢሆን ቆፍሬ አወጣለሁ።

ሚስ ዶና የከተሞቹን ስም በወረቀት ጠቅልላ ከባርኔጣ ዕጣ አስወጣችን። ለኔ ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ደረሰኝ። ወረቀቱን ለጋሼ ሳሳያቸው ከሶፋው ተነሡ።

«ሳን ሁዋን? ቅዱስ ዮሐንስ ማለት እኮ ነው! በይ ተዘጋጂ፣ ሄደን እናየዋለን። ሌላው ልጅ ከመጽሐፍ ይቅዳ፣ አንቺ ያየሽውን ትናገሪያለሽ። ያጠፋሁትን እኔው አቃናለሁ።»

እናቴ ሚሽን የሚለውን ስትሰማ ደነገጠች። በአገራችን ሚሲዮን ሲባል ሃይማኖት ሊያስለውጥ የመጣ ነው። «ወይንዬ፣ በጾም ሚሲዮን ቤት ምን ልትሠሩ ነው ብለሽ ጠይቂያቸው» አለችኝ። ጋሼ ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ «የድሮ ነው በያት። አሁን ማንንም አይለውጡም፣ ቲኬት ብቻ ነው የሚሸጡት» አሉ። መልእክቱን አደረስኩ።

ጋሼ የዕረፍት ቀናቸውን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ተለዋውጠው ቅዳሜ ጠዋት በአሮጌዋ ቶዮታ ወጣን። የጾም ሳምቡሳ በፎይል ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ተቀምጧል። ፍሪዌይ ላይ እንደወጣን የመንገዱን ሰሌዳ ሲያነቡ ድምፃቸው የታክሲ ረዳት ሆነ።

«ሳን ፔድሮ! ቅዱስ ጴጥሮስ!»

አሉና ቀኝ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው አማተቡ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ አማተብኩ። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሆነሽ ጊዮርጊስን ወይ ራጉኤልን ስታልፊ እንደዚያ ነው። ከዚያ ጉልላቱን ለማየት ተንጠራራሁ። የሚታየው የሶፋ መሸጫና ዘንባባ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የታለ?»

«ከመንገድ ራቅ ይላል መሰለኝ። አንቺ ተሳለሚ።»

ሰሌዳዎቹ ቀጠሉ። ቅዱስ ሳይኖር አምስት ደቂቃ አይሄድም። አንዱን ሰሌዳ ሲያዩ ጋሼ መሪውን በመዳፋቸው መቱት።

«ሳን ሆዋኪን! ይሄ ማን ይመስልሻል? ሥራ ቦታ ሆዋኪን የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ነው የነገረኝ። ኢያቄም ነው! የእመቤታችን አባት!»

ብዙም ሳንርቅ ሳንታ አና መጣች። ቅድስት ሐና፣ የኢያቄም ሚስት! ባልና ሚስቱን በሁለት መንገድ ለያይተው በማስቀመጣቸው ጋሼ ትንሽ ቅር አላቸው። ለሁለቱም ሊሳለሙ መኪናዋን ሲያቀዘቅዙ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ለቀቀብን። «ተይው፣ አረማዊ ነው» አሉኝ።

እኔ መስኮቱን ተደግፌ ንግግሬን መንደፍ ጀመርኩ። እስፔኖች እንደኛ ያሉ ሰዎች መሆን አለባቸው። አገሩን በሙሉ በቅዱሳን ስም የሰየመ ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም። ጥሩ ሰዎች መጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ሁሉም ደስ አለው። አምስት ደቂቃ ይሞላል ብዬ ተማመንኩ።

ከተማዋን ስናያት ግንብና ቤተ መንግሥት ጠብቄ ነበርና ከፋኝ። ባቡር የሚያልፍበት ሐዲድ አለ፤ ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ቀይ ሸክላ የለበሱ፣ በራቸው ጠባብ የሆነ ቤቶች ተደርድረዋል። ሰው ዛሬም ይኖርባቸዋል። ከሐዲዱ ወዲህ ሚሽኑ ነው። ጋሼ ቲኬት ቆረጡና ገባን። ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ፣ ጽጌረዳ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ጎብኚዎች። ግድግዳውን ቀረብ ብዬ ሳየው ማመን አቃተኝ። ጭቃ ቤት ነው! አሜሪካኖች ከፍለው ጭቃ ቤት ሊያዩ ይመጣሉ። ጋሼ ግን ልስኑ የረገፈበት ቦታ መዳፋቸውን አኖሩና ጭድ በሁለት ጣታቸው ነቀስ አድርገው አሸተቱ።

«እሰይ! በደንብ ተቦክቷል» አሉ። ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር የገዛ ቤታቸውን ጭቃ በእግራቸው ያቦኩ ሰው ናቸው።

ትልቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ግማሹ ቀርቷል። ሰው ሲያስቀድስ ነው የወደቀበት። ትንሹ ጸሎት ቤት ግን ደህና ነው። ደጃፉ ስንደርስ ጋሼ እንደ ልማዳችን ጫማቸውን አወለቁ፤ እኔም አወለቅሁ። አንድ ወጣት ጠባቂ እየሮጠ መጥቶ ልበሱ፣ ልበሱ የሚል ምልክት አሳየን። ጋሼ መሬቱን በጣታቸው አመለከቱትና «ሳንቶ» አሉት። ቅዱስ ማለታቸው ነው። ጠባቂው አንዴ ካልሲያቸውን አንዴ ፊታቸውን ያያል።

ደጃፉ አጠገብ ጥላ ሥር ሰፌድ የመሰለ ነገር የሚሰፉ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። በስፓኒሽ «ተዋቸው» አሉት፣ ጠባቂውም ሄደ። ስማቸው ዶኛ ሉስ ነው። «ዶኛ ማለት እትዬ ነው» አሉኝ ጋሼ። እስፔኖቹ ሳይመጡ በፊት በዚያ ምድር የኖሩት ሰዎች ዘር ናቸው፤ ለጎብኚ የአያቶቻቸውን ስፌት ያሳያሉ። ጋሼን ጫማ ለምን እንደሚወለቅ ጠየቋቸው። ጋሼም መሬቱ የተቀደሰ ስለሆነ ነው አሉ። እትዬ ሉስ ስፌቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እውነትህን ነው። ወገኖቼ ከሥሩ አሉ።»

ደብተሬን አወጣሁ። የመጀመሪያ ጥያቄዬን መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ፦ ቄሶቹ ይህን ቤት በስንት ዓመት ሠሩት? ጋሼ ተረጎሙልኝ። ሴትዮዋ እጃቸውን ገልብጠው አዩና መለሱ።

«ቄስ ጭቃ አያቦካም።»

ጋሼ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «እውነቷን ነው! አለቃ መቼ ጭቃ ነክቶ ያውቃል!» ከዚያ ሁለቱ የጭቃ ወሬ ጀመሩ። ጭዱ በምን ያህል ይገባል፣ ስንት ቀን ይቦካል፣ ጡቡ ፀሐይ ላይ ስንት ጊዜ ይገለበጣል። በመኪና ማቆሚያ የተለቀመው ስፓኒሽ ለካ ለዚህም ይበቃል። እኔ እየተቁነጠነጥኩ እጃቸውን ሳብኳቸው።

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» አሉኝ ጋሼ። «ዝም ብለሽ ከምትጎትቺኝ ጠይቂ።»

ጠየቅሁ። ግቢውን ስዞር የቄስ አልጋ አይቻለሁ፣ የወታደር ክፍል አይቻለሁ፣ የልጆች ግን አላየሁም። የሠራተኞቹ ልጆች የት ነበር የሚተኙት?

እትዬ ሉስ ቀስ ብለው ረጅም ነገር ተናገሩ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ ሲጨርሱም አልተረጎሙልኝም።

«ሌላ ጠይቂ» አሉኝ።

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

«ወይንዬ...»

«ጋሼ፣ ይንገሩኝ።»

ነገሩኝ። ሴት ልጆቹ ከእናቶቻቸው ተለይተው አንድ ቤት ውስጥ ያድሩ ነበር። ከውጭ ይቆለፍባቸዋል። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሰፈራቸው እንመለስ ቢሉ አይፈቀድላቸውም፤ የሸሸውን ወታደር ሄዶ ይመልሰዋል።

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

ጋሼ አልጠየቋቸውም፤ ቀድመው ሰምተውታል። «ያንቺ እኩዮች ናቸው» አሉኝ። «ካንቺም የሚያንሱ።»

ሳምቡሳውን መብላት አቃተኝ። እኔም በሳምንት አራት ሌሊት ያለ እናቴ አድራለሁ፤ ግን ትደውልልኛለች፣ ዓርብ ትመጣለች፣ በሬን የሚቆልፍብኝ የለም። መንገድ ሙሉ የተሳለምኳቸውን ቅዱሳን ሁሉ ተቀየምኳቸው። ለጋሼ ስነግራቸው «ቅዱሳኑ ምን አደረጉ? ስማቸውን ነው የወሰዱባቸው» አሉኝ። አላጽናናኝም። ልንሄድ ስንል እትዬ ሉስ ትከሻዬን ይዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩኝ፤ ይሄን ያለ ጋሼ እርዳታ ተረዳሁት። ስትነግሪያቸው ማን እንደሠራው ንገሪ።

አሁን የምናገረው ነገር አለኝ፤ እንግሊዝኛው ግን የለም። በየዕረፍቱ ከማሪሶል ጋር የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እንቀመጣለን። እኔ በስፓኒሽ እላለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እኔ ካርድ ላይ በፊደላችን እጽፋለሁ። «ዘ ፒፕል ሜድ ዘ ዎል።» አንድ ቃል ብቻ አስቸገረችን። ጭቃም ማድ ነው፣ ቁጡም ማድ ነው። ማሪሶል ልዩነቱን አፏን እየከፈተች ታሳየኛለች፣ ፊደላችን ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ቁጭ አለ።

ሌሎቹ ልጆች የሚሽናቸውን አምሳያ ከካርቶንና ከስኳር ኩብ ሲሠሩ እኔና ጋሼ አንድ ጡብ ለመሥራት ቆረጥን። ጭድ ሎስ አንጀለስ ከየት ይመጣል? ለጥንቸል ቀለብ ከሚሸጥበት ሱቅ ደረቅ ሣር ገዙ። አፈሩን ከአፓርትመንቱ ጀርባ ቆፍረን ሳፋ ውስጥ በእግራችን አቦካነው። የሕንፃው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት የሰበሰቡ ሽማግሌ ሲያይ ምን እያደረጋችሁ ነው አለ። ጋሼ «እስኩል ፕሮጀክት!» አሉት በኩራት። የመጀመሪያው ጡብ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ቆመ። እናቴ ዓርብ ማታ መጥታ እግሬን ስታጥበኝ ምንም አላለችም፤ ግን ጡቡን አንሥታ ክብደቱን በእጇ ለካችው።

ቀኑ ደረሰ። ወላጆች ከክፍሉ ኋላ ቆመዋል። ጋሼ ከሥራ ተፈቅዶላቸው በዩኒፎርማቸው መጥተዋል፤ ስማቸው ደረታቸው ላይ ተጽፏል። እናቴ ከበርባንክ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ደርሳ ክፍሉ የፈቀደላትን ያህል ከሳቸው ርቃ ቆመች። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ የፕላስቲክ ላሞች ያሉት ከሱቅ የተገዛ ሚሽን አቀረበች። እኔ ጡቤን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ካርዶቼን አወጣሁ። ሚስ ዶና መጥታ በቀስታ ከእጄ ወሰደቻቸው። ማንበብ የለም። ገልበጥ አድርጋ ፊደላቱን አየች፣ መልሳ ገለበጠች፣ ከዚያ ኪሷ ከተተቻቸው።

ባዶ እጄን ቀረሁ። ጀመርኩ።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጭቃውን ቁጡ አልኩት። የተቆጣ ግድግዳ! አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። የዚያች የስልኳ ሴትዮ ሳቅ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። ዝም ብል እንደምደግም አወቅሁ። ጡቡን በሁለት እጄ አነሣሁና ቃሉን እንደገና አልኩት፤ አልተስተካከለም። ለሦስተኛ ጊዜ ስለው ጭቃ ሆኖ ወጣ። ሳቁ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ሰዎቹ ናቸው የሠሩት። በእግራቸው አቦኩት። ቄሶቹ አልነኩትም። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው መሄድ አይችሉም ነበር። ሴት ልጆቹ እኛን ያህሉ ነበር፣ ከእናታቸው ርቀው ያድሩ ነበር፣ በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር።

ሚስ ዶና ብዕሯን አስቀመጠች። መጽሐፋችን ላይ እንደዚያ የሚል የለም፤ መጽሐፉ ቄሶቹ ለሰዎቹ እርሻ አስተማሩ ነው የሚለው። ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ እያንዳንዱን ቃል ለይታ፣ ይህን የት እንዳነበብኩት ጠየቀችኝ።

መልሱ ከካርዶቹ አንዱም ላይ አልነበረም። ማሪሶል አላስጠናችኝም።

«አይ ዲድ ኖት ሪድ» አልኩ። «አይ አስክድ።»

አላነበብኩም። ጠየቅሁ።

ማንን? አለች ሚስ ዶና። ከሠሩት ሰዎች የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አልኩና ስንት ጊዜ እንደምለው ጠፍቶኝ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ልጆቹ እንደገና ሳቁ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን አላመመኝም። ሚስ ዶና አልሳቀችም። ወረቀቷ ላይ ረጅም ነገር ጻፈች።

ልጆቹ ወደ ተዘጋጀላቸው ብስኩት ሲሮጡ እሷ ወደኛ መጣች። ጋሼ በአንድ በኩል፣ እናቴ በሌላ በኩል ቆመዋል። ሚስ ዶና ጎንበስ ብላ ነገረችኝ፣ እጇን ትከሻዬ ላይ አኖረች፣ ሄደች። ጋሼ ከንፈሬን ያያሉ። ዓይናቸው ፈርቷል። እኔ ብደግም እናቴ ዕድሜ ልኳን እንደማታነጋግራቸው ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ።

«አምስተኛ ገባሁ» አልኳቸው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እርግጠኛ ነሽ ወይንዬ? በእንግሊዝኛ ነው የነገረችሽ?»

አፌን ልከፍት ስል እናቴ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያላየችውን ፊታቸውን ቀጥ ብላ አየችው።

«በእንግሊዝኛ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። «እኔም ሰምቻታለሁ።»